ደብዳቤ ለልጄ፦ ሳትለካ አትንካ

ጅማ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2017 ዓ.ም

ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ክረምቱ ዘንድሮ በርትቶብናል፤ አዌቱ ሞልቶ ይፈስሳል፤ የእናትህም ጉልበት ቅዝቃዜውን አልቻለውም፤ ይሁን እንጂ ቤተ ክርስቲያን ከመሳለም አላስቀራትም።

እህትህ ባለፈው ቅዳሜ ስትመጣ፣ ቡና እየተፈላ ሳለ፣ የግራ እጅህ ጣት በፋሻ ታስሮ እንዳየችው፣ ምን ሆነህ እንደሆነ ብትጠይቅህም «ምንም አይደል፣ ኮረንቲ ነካ አድርጎኝ ነው» ብለህ እንዳለፍካት ነገረችን። የተናገረችው እንደ ቀላል ወሬ ነበር። እናትህ የያዘችውን ስኒ አስቀመጠች፤ አጎትህ አንድ ቃል ሳይናገር ተነሥቶ ወደ በረንዳ ወጣና ዝናቡን ሲመለከት ቆየ። ለምን እንደወጣ እህትህ አታውቅም፤ አንተም አታውቅም። ስልክ ብደውልልህ «እሺ አባዬ» ብለህ ስለምታሳጥርብኝ፣ ተቀምጠህ እንድታነበው በወረቀት ልጽፍልህ ወሰንኩ። ከሁሉ በፊት ግን ይህችን ያዝልኝ፦ ሳትለካ አትንካ።

እህትህ የምትሠራውን የጊታር አምፕሊፋየር በስልኳ ያነሣችበትን ፎቶ አሳይታኛለች። የተከፈተውን የአሉሚኒየም ሻሲ፣ ማለትም ዕቃው ሁሉ የሚታሰርበትን የብረት ሣጥን፣ የቫልቮቹን፣ የእነዚያን የድሮ ሬዲዮ የመስታወት ቱቦዎች፣ መቀመጫዎችና ከጎኑ የተዘረጋውን ንድፍ መነጽሬን አድርጌ ለረጅም ጊዜ ተመለከትኩት። ደስ አላለኝም ብዬ አልዋሽህም። መርካቶ ዳር የነበረችውን የሬዲዮ መጠገኛ ሱቄን የዘጋሁ ዕለት የቫልቭ ነገር ከእኔ ጋር የሚቀበር መስሎኝ ስለነበር፣ ለዓመታት ያጠራቀምኳቸውን ንድፎች ለምድጃ ማቀጣጠያ ሰጥቻለሁ። አሁን የእኔው ልጅ፣ ማንም ሳያስተምረው፣ ከባዶ ሻሲ ተነሥቶ የቫልቭ ጊታር አምፕሊፋየር ሊሠራ መነሣቱን ስሰማ ያን ያቃጠልኩትን ወረቀት አስቤ አዘንኩ።

ንድፉን ወዲያው ለየሁት። አሜሪካኖች ፌንደር ቻምፕ የሚሉት ትንሽ አምፕሊፋየር፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ የወጣው 5ኤፍ1 የተባለው ዓይነት ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አታገኝም፤ ጓደኞችህ ባለ 50 ዋት ሥራ ቢሉህ አትስማቸው። ያሉት ሦስት ቫልቮች ብቻ ናቸው፦ ከጊታሩ የሚመጣውን ደካማ ድምፅ በሁለት እርከን የሚያሳድገው 12ኤኤክስ7፣ ስፒከሩን የሚነዳውን ኃይል የሚሰጠው 6ቪ6፣ እንዲሁም ተለዋዋጩን ኮረንቲ ወደ ዲሲ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚሄድ ኮረንቲ፣ የሚለውጠው 5ዋይ3፤ ሬክቲፋየር የምንለው ይህን ነው። እያንዳንዱ ሽቦ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ በጣትህ ልትከተለው ትችላለህ። ድምፁም ሲገፋ በድንገት አይሰበርም፤ እንደ ጥሩ አዝማሪ ጉሮሮ ሻከር እያለ ይሞቃል። ይህን ውበት እኔም አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ ተወው አልልህም።

ነገር ግን 5 ዋት ነው ብለህ አትናቀው። 5 ዋቱ ስፒከሩ ላይ የሚደርሰው ነው፤ ሻሲው ውስጥ ያለው ግን ሲሠራ ከ350 ቮልት ወዲያ ወዲህ የሚል ዲሲ ነው፤ ይህም ሰው ለመግደል ይበቃል። ከዚህም የሚከፋው፣ ሶኬቱን ከግድግዳው ከነቀልከው በኋላም ኮረንቲው እዚያው መቆየቱ ነው። እኛ በዘመናችን ኮንደንሰር የምንላቸው፣ እናንተ ካፓሲተር የምትሏቸው፣ 16 እና 8 ማይክሮፋራድ ተብለው በንድፍህ ላይ የተጻፉት እነዚያ ሲሊንደሮች ኮረንቲን እንደ ማሰሮ ውኃ ያቁራሉ። መንቀል ማለት ወራጁን ማቆም ነው፤ በማሰሮው ያለው ግን አልፈሰሰም።

አሁን የአጎትህን ነገር ልንገርህ። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች የማይታጠፉት ጣሪያ ሲያለብስ ቆርቆሮ ቆርጦት ነው ስንላችሁ ኖረናል። እናትህም ብትሆን እስከ ትናንት ማታ ድረስ የምታውቀው ይህንኑ ነበር። የቆረጠው በእርግጥ ቆርቆሮ ነው፤ የጣሪያ ግን አልነበረም።

ነገሩ የሆነው በ1973 ዓ.ም ክረምት ነው። እኔ የ24 ዓመት ጎልማሳ፣ እርሱ የ17 ዓመት ልጅ ነበርን። እኔ ዘንድ ሙያ ይማር ነበር፤ ማታ ማታ ደግሞ በኪነት ቡድን ውስጥ ጊታር ይጫወታል። እንዴት ያለ ጣት እንደነበረው ልነግርህ አልችልም። ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓ.ም በዚህችው በጅማ መወለዱን ለሰው ሁሉ እየነገረ፣ «ከዚህ ከተማ ሁለተኛው እኔ ነኝ» ይል ነበር። ሲል እንስቅ ነበር፤ ሲጫወት ግን ማንም አይስቅም።

አንድ ዕለት የቡድኑ አምፕሊፋየር እየጮኸ አስቸገረ ተባለና ለማታው ትርኢት እንዲደርስ ወደ ሱቄ አመጡት። ጩኸቱ ከኃይል ክፍሉ መሆኑን ለማወቅ ከሬክቲፋየሩ በቀር ቫልቮቹን ሁሉ አውጥቼ ለኮስኩት፣ ለካሁት፣ አጠፋሁት፣ ሶኬቱንም ነቀልኩት። ከዚያ ለደንበኛ መልስ ልሰጥ ወደ ደጅ ወጣሁ። አጎትህ ከውስጥ ሆኖ «ወንድሜ፣ ነቅለኸዋል?» አለኝ። «ነቅዬዋለሁ፣ እጅህን አስገባ» አልኩት። እጁን አስገባ። ኮረንቲው ሲይዘው ክንዱ በድንጋጤ ተመንጭቆ ሲወጣ፣ ያልተሞረደው የሻሲ ጠርዝ ከመዳፉ እስከ ጣቶቹ ድረስ ሰነጠቀው፤ ጅማቱንም በጠሰው። ሐኪሙ ሰፋለት፤ ቁስሉም ዳነ፤ ጣቶቹ ግን የጊታር ሽቦ ዳግመኛ አልተጫኑም።

ልጄ ሆይ፣ ውሸት አልተናገርኩም። ነቅዬዋለሁ ያልኩት ነቅዬው ነበር። ለዓመታት አምፕሊፋየር ስከፍት ምንም ሆኜ ስለማላውቅ ነቅዬዋለሁ ማለት ደህና ነው ማለት ይመስለኝ ነበር። ምክንያቱን ያወቅሁት ኋላ ነው። ቫልቮቹ በቦታቸው ሆነው፣ እንደጋሉ ሲጠፋ፣ የተጠራቀመውን ኮረንቲ አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ጠጥተው ይጨርሱታል፤ ያን ዕለት ግን የሚጠጣው ቫልቭ ስላልነበረ ካፓሲተሮቹ እስከ አፋቸው እንደሞሉ ቀሩ። አንተም አዲስ የሠራኸውን አምፕሊፋየር ለመጀመሪያ ጊዜ ስትለኩስ ልክ እንደዚሁ ሬክቲፋየሩን ብቻ ሰክተህ ቮልቱን እንድትለካ ይመክሩሃል። ምክሩ ትክክል ነው። ነገር ግን የዚያን ጊዜ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቮልት ከሌላው ጊዜ ሁሉ የበለጠ፣ የሚያራግፈውም የሌለበት ሰዓት መሆኑን ዕወቅ። ሳትለካ አትንካ የምልህ ለዚያች ሰዓት ነው።

እንዴት እንደምትለካ ልንገርህ። መልቲሜትሩን 1000 ቮልት ዲሲ ላይ አድርግ። አስቀድመህ በአንድ ባትሪ ላይ ለክተህ መሥራቱን አረጋግጥ፤ የሞተ መልቲሜትርም ዜሮ ያሳያልና። ጥቁሩን ገመድ በመቆንጠጫ ከሻሲው ጋር አያይዘው፤ ግራ እጅህን ኪስህ ክተት፤ በቀኝ እጅህ ብቻ ቀዩን ወደ መጀመሪያው ካፓሲተር ውሰድ። ቮልት ካለ ባለ 10 ሺህ ኦህም፣ 5 ዋት ሬዚስተር (ኮረንቲን የሚገታ ዕቃ) በደንብ በተሸፈነ ሽቦ አዘጋጅተህ በእርሱ አራግፈው። በካቻቢቴ ሾርት አድርጎ ማራገፍ የሰነፍ ሥራ ነው፤ እኔም ስሠራው ኖሬአለሁ፣ አንተ ግን አታደርገውም። ካራገፍክ በኋላ እንደገና ለካ፤ ካፓሲተር ባዶ ከሆነ በኋላም ጥቂት ቮልት መልሶ የሚያቆጠቁጥበት ጊዜ አለና፣ እየሠራህ ሳለህ ሬዚስተሩን እንደተያያዘ ተወው። ከመለኮስህ በፊት ግን ማንሣትህን አትርሳ። በተጨማሪ ባለ 220 ሺህ ኦህም፣ 2 ዋት ሬዚስተር ከመጀመሪያው ካፓሲተር ሁለት ጫፎች ጋር በቋሚነት በይደው፤ በግማሽ ደቂቃ ገደማ ያራግፍልሃል። በየድከው ብለህ ግን አትመነው፤ ሬዚስተርም ይቃጠላል። ሳትለካ አትንካ።

ቁስልህን በቀን አንድ ጊዜ እጠበው፤ ፋሻውንም ለውጥ። ለእናትህ ዛሬውኑ ደውልላት፤ ድምፅህን ሳትሰማ እንቅልፍ አይወስዳትም።

ሌሎቹን በአጭሩ ልንገርህ፤ ጥፋታቸው በአብዛኛው ገንዘብ እንጂ እጅ አያስከፍልም። ትራንስፎርመሩ ለ220 ቮልትና ለ50 ኸርዝ የተሠራ መሆን አለበት፤ ለአሜሪካ 120 ቮልት የተሠራውን በርካሽ አገኘሁ ብለህ ብትሰካው ታቃጥለዋለህ። 325 ቮልት የሚሰጥ ትራንስፎርመር ቫልቮቹ ኮረንቲ መጠጣት ሳይጀምሩ እስከ 460 ቮልት ድረስ ሊያስሞላ ስለሚችል ባለ 450 ቮልት ካፓሲተር አትግዛ፤ ባለ 500ውን ፈልግ። የካፓሲተሩን ፕላስና ማይነስ ደግመህ ደጋግመህ ተመልከት፤ ተገልብጦ ከገባ ሊፈነዳ ይችላል። ስፒከር ሳይያያዝ ፈጽሞ አትለኩሰው፤ የመውጫ ትራንስፎርመሩ ይበላሽብሃል። የቫልቮቹን ማሞቂያ 6.3 ቮልት የሚወስዱትን ሁለት ሽቦዎች እንደ ሹሩባ አጥብቀህ ጎንጉናቸውና የሻሲውን ጥግ አስይዛቸው፤ አለዚያ ሲያጓራ ይኖራል። በ6ቪ6 ካቶድ በሚባለው እግር ላይ ባለው የ470 ኦህም ሬዚስተር 19 ቮልት ብታገኝ 40 ሚሊአምፔር ያህል እያለፈ ነውና ደህና ነው፤ ከዚያ እጅግ ከበለጠ አጥፋና ጠይቀኝ። ለመጀመሪያው መለኮስ የድሮውን ባለ ክር አምፖል፣ 40 ወይም 60 ዋት፣ ከመብራቱ ሽቦ ጋር በተከታታይ አያይዝ፤ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ መልካም ነው፣ ደምቆ ከቀረ ሾርት አለ። አምፖሉ ዕቃህን ያድናል እንጂ አንተን አያድንም።

የመሬት ሽቦውን ግን ከእነዚህ ጋር አትቁጠረው። የጊታርህ ሽቦዎች በገመዱ በኩል ከሻሲው ጋር አንድ ናቸው፤ ሻሲው ላይ ኮረንቲ ቢወጣ የምትይዘው ያን ነው። የመሬት ሽቦውን ለራሱ ብቻ በተመደበ ቡሎን ከሻሲው ጋር እሰረው፤ የተከራየኸው ክፍል ሶኬትም በእርግጥ የመሬት መስመር ያለው መሆኑን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርተህ አስመርምር። ክፍያውን እኔ እልክልሃለሁ። የሻሲውን ጠርዝ ደግሞ ዛሬውኑ በሞረድ አስተካክል፤ በጣትህ ዳስሰህ ምንም ስለት እስካታገኝ ድረስ ሞርደው።

ሳጥኑን አዲስ አበባ አታሠራ። የስፒከሩንና የሻሲውን ልክ ጽፈህ ላክልኝና እዚህ ከማውቀው አናጢ ዘንድ በደረቀ ዋንዛ አሠራልሃለሁ፤ የጅማ እንጨት ሠራተኛ እጅ ምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። በርጩማው ላይ ተቀምጠህ ሬዲዮ ስጠግን ስታየኝ «በውስጡ ያሉት ትንንሽ መብራቶች ለማን ነው የሚበሩት?» ብለህ የጠየቅኸኝ ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜ መልስ አልሰጠሁህም፤ ከጠረጴዛው ራቅ በል ብዬ ተቆጣሁህ። ያስቆጣኝ ምን እንደነበር አሁን ገብቶሃል።

ደብዳቤውን ከማሸጌ በፊት ለአጎትህ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «እኔ ነቅለኸዋል ወይ ብዬ ጠየቅሁህ፤ ለክተኸዋል ወይ ብዬ ብጠይቅህ ኖሮ ተመልሰህ ትለካው ነበር» አለኝ። በ44 ዓመት ውስጥ ስለዚያ ቀን የተናገረው ይህን ብቻ ነው። ግማሹን ሸክም ሊወስድልኝ ፈልጎ እንደሆነ ገብቶኛል፤ እኔ ግን አልሰጠሁትም። ጊታሩን የገዛልህ እርሱ መሆኑን ታውቃለህ፤ ለምን እንደገዛልህ ግን አሁን ልታውቅ ይገባል።

ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ ሁለታችንም በአውቶቡስ እንመጣለን። እስከዚያ በይድ፣ ሽቦህን አስተካክል፣ ሬዚስተሮቹን አንድ በአንድ ለካ፤ ሶኬቱን ግን እኛ ሳንደርስ አትሰካው። አጎትህ አጠገብህ ቆሞ «ለክተኸዋል?» ብሎ ሊጠይቅህ ይፈልጋል። ከደብዳቤው ጋር የላክሁልህ የእኔው መልቲሜትር ነው፤ ገመዶቹ አዲስ ናቸው። ሁለት ኪሎ ቡናና እናትህ ያዘጋጀችው ማርም አብሮ አለ፤ ማሩ እንዳይፈስስ ጥቅሉን አቁመህ ክፈተው። ስትበይድ መስኮት ክፈት፤ እጅህንም በሳሙና ሳትታጠብ እንጀራ አትቁረስ።

አባትህ