ሰመራ ላለው ወንድሜ፤ ስለዚያች ጥያቄህ

ድሬዳዋ፣ ግንቦት

ይድረስ ለወንድሜ፤

አቦ እንዴት ነህ? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ሁሉ ነገር እንዴት ነው? የሰመራ ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። እማዬም ተሽሏታል።

ከጠፋሁብህ ዓመት ሊሞላኝ ነው። መጨረሻ ላይ የላክህልኝ መልእክት አሁንም ስልኬ ላይ አለ። «ላፕቶፔ ጌም ስጫወትበት እሳት ይሆናል፤ ኩሊንግ ፓድ ልግዛ ወይስ ብሬን ልያዝ?» ነበር ያልከኝ። ነገ እመልስለታለሁ ብዬ ተውኩት። ነገ እያልኩ ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ። ከዚያ በኋላ መጻፉም አሳፈረኝ። ይቅር በለኝ።

በዚያው ሰሞን ነው እማዬ የታመመችው። የደም ግፊቷ አልወርድ አለ፤ የድሬ ሙቀት ደግሞ እንቅልፍ ነሳት። ሐረር ወሰድናትና ከሸዋ በር ብዙ በማይርቀው አክስቴ ቤት ከረመች። እኔም በየሳምንቱ ቅዳሜ በሚኒባስ የደንገጎን ዳገት እየወጣሁ ስመላለስ ነበር። ላፕቶፔን ይዤ ነው የምሄደው። ማታ እሷ ስትተኛ ትንሽ እጫወታለሁ። ለጥያቄህ መልስ ያገኘሁት በዚያ ምልልስ ነው። ስለዚህ አሁን ሁሉንም ልንገርህ።

ፓዱን፣ ከላፕቶፕ ሥር የሚደረገውን ባለፋን ማስቀመጫ፣ እኔም ገዝቼው ነበር። እዚሁ ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ ነው የገዛሁት። አምስት ፋን አለው፣ ሰማያዊ መብራት ያበራል። ባለሱቁ 15 ዲግሪ ይቀንስልሃል አለኝ። ቤት ወስጄ ሰካሁትና ተጫወትኩ። እውነትም ኪቦርዱ ላይ ያለው ትኩሳት ቀለል አለኝ። መዳፌ ማላቡን ተወ። ግን ከ20 ደቂቃ በኋላ ጌሙ እንደ ድሮው መጎተት ጀመረ። ያኔ ነው በእጄ መለካቱን ትቼ በቁጥር መከታተል የጀመርኩት። ኤችደብሊው ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም ጫንኩ፤ የፕሮሰሰሩንም፣ የጌሙን ምስል የሚሠራውን የግራፊክስ ካርዱንም ሙቀት ያሳያል። ግድግዳዬ ላይ ደግሞ ቴርሞሜትር ሰቀልኩ።

ሳቢያን ሠፈር ያለችውን ክፍሌን ታውቃታለህ። ቆርቆሮው ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ነው የሚመልሰው። የመጀመሪያውን ልኬት የያዝኩት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሲሆን ክፍሏ 33 ዲግሪ ነበረች። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ እንዲሁ አስቀምጬ ግማሽ ሰዓት ተጫወትኩ። ግራፊክስ ካርዱ 87 ደረሰና እዚያው ቆመ። የቆመው ስለበቃው አይደለም፤ 87 የእሱ ወሰን ስለሆነ ነው። እዚያ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በሰከንድ 70 የነበረው ፍሬም፣ ማለትም የሚታየው የምስል ብዛት፣ 45 ገባ። እኛ «ላግ አደረገ» የምንለው ብዙ ጊዜ ይህን ነው።

በማግስቱ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በዚያው ጌም፣ ከላፕቶፑ ኋላ ግራና ቀኝ አንድ አንድ የውሃ ፕላስቲክ ክዳን ከሥር አደረግሁ። 85 ሆነ። በሦስተኛው ቀን በፓዱ ሞከርኩት። 84 ሆነ። ክዳኖቹ ምንም አላስወጡኝም። ያን ሁሉ ብር የከፈልኩበት ፓድ ከእነሱ የበለጠው በአንድ ዲግሪ ነው።

ለምን እንደሆነ ለማወቅ ሶፍት ቀደድኩ። ቀጭን አድርገህ ትቀድና ላፕቶፑ እየሠራ ከፍ አድርገህ ይዘህ ከሥሩ ታስጠጋዋለህ። ፋኑ አየር የሚስብበት ቦታ ላይ ሶፍቱ ሽቅብ ተስቦ ልጥፍ ይላል። የእኔው የተለጠፈው ከኋላ ጠርዝ አጠገብ ባሉት ሁለት ቀዳዳዎች ላይ ብቻ ነው። የፓዱ ትልቁ ፋን ደግሞ መሀል ላይ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ምንም ቀዳዳ የሌለው ፕላስቲክ ላይ ሲነፋ ነበር። ኪቦርዱ የቀዘቀዘልኝ ለዚህ ነው። ቆዳው ቀዘቀዘ፣ ውስጡ ግን አልሰማም።

ሌላም ነገር አለ። ፓዱ የሚሠራው ከላፕቶፑ በሚወስደው የዩኤስቢ መብራት ነው። የድሮው ዓይነት የዩኤስቢ ቀዳዳ የሚሰጠው ቢበዛ 2.5 ዋት ነው። የጌም ላፕቶፕ ሲጫወቱበት ከ100 ዋት በላይ ይበላል፤ የበላው ሁሉ ደግሞ ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው። አምስት ፋን 2.5 ዋት ተካፍለው ያን ያህል ሙቀት አይገፉም። ከዚህ በላይ የሚከብደው ግን አየሩ ራሱ ነው። ፓድ ፍሪጅ አይደለም። የክፍልህን አየር ነው የሚያነፍስልህ። ክፍሉ 33 ከሆነ የሚያነፍሰውም 33 ነው።

ይህ የገባኝ ሐረር ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ ማታ ያንኑ ላፕቶፕ ያለፓድ አክስቴ ሳሎን ውስጥ ከፈትኩት። ክፍሉ 22 ዲግሪ ነበር። ግማሽ ሰዓት ተጫወትኩ። ግራፊክስ ካርዱ 80 ላይ ተረጋጋ። ፍሬሙም ከ70 ንቅንቅ አላለም። ደግሜ ለካሁት፣ ያው ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ከ1,800 በላይ። በ55 ኪሎ ሜትር መንገድ የተቀየረው አየሩ ብቻ ነው። በደፈናው፣ የክፍሉ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲወርድ የውስጡም ወደ አንድ ዲግሪ ይወርዳል። እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና «እዚህ መጥቼ ትንፋሼ ተመለሰ» ስትል ላፕቶፑም እንደዚያው ሆኖልኝ ነበር። እሷ መዳን መጀመሯን ያየሁት በዚያው ሰሞን ስለሆነ ያቺን ማታ አልረሳትም።

ድሬ ስመለስ ላፕቶፑን ለመክፈት ወሰንኩ። ከዚያ በፊት አንድ ጠጋኝ ዘንድ ወስጄው «ጸድቷል» ብሎ መልሶልኝ ነበር። አምኜው ነበር። የሥሩን ብሎኖች በካቻቢቴ ፈትቼ ስከፍተው ግን ፋኖቹ ከላይ ተጠርገዋል እንጂ ውስጡ አልተነካም። በፋኑና ሙቀቱን በሚያወጡት ስስ የመዳብ ክንፎች መካከል ባዘቶ የመሰለ ነገር ተጋግሯል። ቀለሙ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ነው። በጣቴ ሳነሳው እንደ ጨርቅ ተያይዞ ወጣ። አየሩ በእሱ በኩል ማለፍ አይችልም ነበር። ፓድ ብደረድርለትም ያን ግድግዳ አያልፈውም።

ሙቀቱን ከቺፑ ወደ መዳቡ እንዲያሻግር ቺፑ ላይ የተቀባው ተርማል ፔስትም ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በአልኮል ጠርጌ አዲስ ቀባሁ። ገጠምኩትና በዚያችው 33 ዲግሪ ክፍል ሞከርኩት። 78! ፍሬሙም 70 ላይ ነው። ፓዱን ጨመርኩበት፣ 76 ሆነ። ከዚያ ወዲህ ፓዱን ለጎረቤት ልጅ ሰጠሁትና በክዳኖቹ ቀጠልኩ።

አንተም ብትከፍተው መጀመሪያ የባትሪውን ገመድ ንቀል። አቧራውን ስታነፍስ ፋኑን በጣትህ ያዘው፤ በንፋስ ኃይል ከልክ በላይ ከዞረ ይበላሻል። ደግሞ አደራ፣ ጎሚስታ ቤት ወስደህ በኮምፕረሰር እንዳታስነፋው። ግፊቱ ከባድ ነው፣ ውስጡም ውሃ አለው። ፔስቱ ጋ ስትደርስ እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ፈሳሽ ካየህ ደግሞ አትንካው፣ መልሰህ ግጠመው። ሊኩዊድ ሜታል የሚሉት ነው፤ መብራት ስለሚያስተላልፍ ቦርዱ ላይ ከፈሰሰ ላፕቶፑ አለቀለት።

ፓድ ሁሉ ከንቱ ነው እያልኩህ አይደለም። ዙሪያውን በስፖንጅ የታሸገ፣ አንድ ትልቅ ፋን ያለው፣ የራሱ ቻርጀር ያለው ዓይነት አለ። ላፕቶፑ ስፖንጁ ላይ ሲቀመጥ አየሩ ወደ ጎን ማምለጫ ስለሌለው በግድ ወደ ቀዳዳዎቹ ይገባል። ከሥር በሰፊው ለሚስብ ላፕቶፕ ከ10 ዲግሪ በላይ የሚቀንስበት ጊዜ አለ። ግን ዋጋው ከበድ ይላል፣ ድምፁም እንደ ቬንትሌተር ነው። አቧራውንም በጉልበት ወደ ውስጥ ስለሚያስገባ ማጣሪያ ያለውን ነው የምትመርጠው፤ ማጣሪያውንም ቶሎ ቶሎ ማጠብ ነው። ላፕቶፕህ ከሥሩ ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ካለው እሱም ብዙ አይረዳህም። ሶፍቷ ትነግርሃለች።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። አምራቾቹ ብዙውን ላፕቶፕ እስከ 35 ዲግሪ ለሚደርስ ክፍል ነው የሚሠሩት። ሰመራ በክረምት ከ40 በላይ ትወጣለች። ስለዚህ ቀን ቀን፣ ኤሲ በሌለው ክፍል፣ ምንም ዓይነት ፓድ ብትገዛ አትጫወትበት። እዚህ እኛ ከሰዓት እንተኛ የለ? ላፕቶፑንም እንዲሁ አስተኛው። ሌሊት ወይም ሊነጋ ሲል ተጫወት። ጌሙ ውስጥ ፍሬሙን 60 ላይ ገድበው፤ ካርዱ የማያስፈልግህን ፍሬም ለመሥራት አይቃጠልም። ዊንዶውስ የኃይል ማስተካከያው ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ አቅም ከ100 ወደ 99 ዝቅ ብታደርገው አብዛኛው ላፕቶፕ ቱርቦውን፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ከመደበኛው በላይ የሚፈጥንበትን፣ ያጠፋል። እኔ ጋ ይህች ብቻዋን ፕሮሰሰሩን ከ10 ዲግሪ በላይ አውርዳዋለች፤ ጌሙ ላይ ብዙም ለውጥ አላየሁም። ባትሪውንም ሁልጊዜ 100 ሞልተህ ሰክተህ አትተወው። ሙቀትና ሙሉ ቻርጅ አንድ ላይ ሲሆኑ ባትሪ ቶሎ ይገድላሉ። ማስተካከያ ካለው 80 ላይ እንዲቆም አድርገው።

ስትለካ ደግሞ ሙቀቱን ብቻ አትመልከት። ወሰኑ ላይ የደረሰ ካርድ ፓድ ቢያግዘውም ያንኑ 87 ሊያሳይህ ይችላል፤ ያገኛትን ትንሽ ቅዝቃዜ ለፍጥነት ያውላታል። ፍሬሙን ጎን ለጎን ጻፍ።

እኔ ብሆን ብሬን እይዝ ነበር። መጀመሪያ አስጸዳው፣ ፔስቱን ቀይረው፣ ኋላውን ከፍ አድርገው። ከዚያም በሌሊት አልበርድ ካለህ የስፖንጁን ዓይነት ከአዲስ አበባ አስመጣ።

ወሬ በዝቶብኛል፣ ግን ናፍቀኸኛል። እማዬ ካለፈው ወር ጀምራ ድሬ ተመልሳለች። ጠዋት ጠዋት ከዚራ ሠፈር ዛፎቹ ጥላ ሥር አብረን ዞር ዞር እንላለን። «ያ ልጅ ምነው ጠፋ?» ስትለኝ የጠፋሁት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት። ተቆጣችኝ። ይህን የምጽፍልህ አጠገቧ ተቀምጬ ነው።

ዛሬ ማታ ሶፍቱን ሞክረውና የት ላይ እንደሚለጠፍ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። የክፍልህንም ሙቀት ጻፍልኝ። አሁን አልጠፋም፤ በዚያው ቀን እመልስልሃለሁ። እረፍት ስትወጣ ደግሞ ላፕቶፑን ይዘኸው ና። ካቻቢቴውም ፔስቱም እኔ ጋ አለ። ፈቲራችንን በልተን ጠዋት በብርዱ እንከፍተዋለን።

ወንድምህ፣
ከሳቢያን