የበልግ ግጥም ለደሴ

ይድረስ ለተከበሩት አዘጋጅ፣

የወቅት ግጥም ሲነሳ መስከረምና አደይ አበባ ይቀድማሉ። እኛ ወሎዎች ግን ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጠበቀው በልግም አለን፤ የደጋው ገበሬ ገብሱን የሚዘራበት፣ ሲቀር ምን እንደሚከተል ወላጆቻችን በሚገባ የሚያውቁት። ስለዚህ ከደሴ በላይ ያለውን የጦሳ ተራራ አንስቼ ይህችን ግጥም ልኬያለሁ፦

ጦሳ ጉም ለበሰ፣ ደመናው ወረደ፣
ገበሬው በሬውን ለበልግ ጠመደ።

ሌላም ልመና አለኝ። በደሴ የግጥም ምሽት ሲዘጋጅ ወሬው ከፒያሳ አይርቅም፤ የሙጋድና የሆጤ ሰፈር ወጣቶች የሚሰሙት ካለፈ በኋላ ነው። የአምባሰልና የባቲ ቅኝት አገር ሆነን ይህ ያሳዝነኛል። እባክዎ ቀኑንና ቦታውን አስቀድመው ያውጡልን። የምሽቱ አዘጋጆችም ከኮምቦልቻ የሚመጡትን አስበው፣ ታክሲ ሳይጠፋ ቢጨርሱ ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ገጣሚ፣ ከደሴ