ስለ ተቅማጥ በጻፋችሁት ላይ የቀረ ነገር አለ

ሰላም ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ስለ አንጀት ኢንፌክሽን ያወጣችሁትን አንብቤዋለሁ፣ ጥሩ ነው ግን ባክቴሪያ በተነሳ ቁጥር ጠላት ጠላት ብቻ ነው የሚለው፣ እሱ ነገር በጣም ከነከነኝ። በሰውነታችን ውስጥ ወደ 38 ትሪሊዮን ባክቴሪያ እንዳለ ይገመታል፣ አብዛኛው ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው ያለው፣ ከኛ ስጋ የሚያጋርደው ደግሞ ዝልግልግ ነገርና ከስሩ በአንድ ረድፍ የተደረደሩ ሴሎች ናቸው፣ እነዚህ ሴሎች ባገኙት ባክቴሪያ ሁሉ ቢቆጡ ኖሮ አንጀታችን ሁሌ እንደቆሰለ ነበር የሚኖረው።

ሳልሞኔላ አይነቱ ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ ሲመጣ ሴሉ ውስጥ ኤንኤፍ ካፓ ቢ የሚባለው ፕሮቲን ኒውክለስ (ጂኖቹ ያሉበት የሴሉ እምብርት) ውስጥ ገብቶ የብግነት፣ ማለትም የቁጣ ጂኖችን ይቀሰቅሳል፣ ነጭ የደም ሴሎች የሚጠሩት በዚህ ስለሆነ ያስፈልጋል። ችግሩ ካልበረደ ነው። በ2004 የታተመ የላብራቶሪ ጥናት ላይ ባክቴሮይድስ ቴታዮታኦሚክሮን የሚባለው የአንጀታችን ነዋሪ ሳልሞኔላ በነካቸው ሴሎች ላይ ሲጨመር ያ ፕሮቲን ፒፓር ጋማ ከሚባል ሌላ ፕሮቲን ጋር ተያይዞ ከኒውክለስ ቶሎ እንዲወጣ ያደርጋል፣ በቃ ቁጣው ይበርዳል። ሳልሞኔላውን መግደል ሳያስፈልገው ማለት ነው! እኔን ያስገረመኝ ደግሞ ሳልሞኔላ ራሱ ብግነቱን መፈለጉ ነው፣ አንጀት ሲቆጣ ቴትራታዮኔት የሚባል ኬሚካል ይፈጠራልና እሱን እንደ ኦክስጅን እየተነፈሰበት ሌሎቹን በልጦ ይራባል። ስለዚህ ቁጣውን ማብረድ ህመም ማስታገስ ብቻ አይደለም፣ ከጠላት እጅ መሳሪያ መንጠቅም ነው።

አንቲባዮቲክ ዝም ብሎ አይዋጥ ብዬ የምከራከረውም ለዚህ ነው። ሌሎቹ ጥሩ ባክቴሪያዎች ቢዩቲሬት የሚባል አሲድ ይሰራሉ፣ የትልቁ አንጀት ሴሎች ዋና ምግባቸው እሱ ነው፣ ሲያቃጥሉትም ኦክስጅኑን ስለሚጨርሱት ውስጡ ለሳልሞኔላ አይመችም። አንቲባዮቲክ እነዚህን ባክቴሪያዎች ሲጨርስ ግን ኦክስጅኑ ወደ አንጀቱ ውስጥ ሰርጎ ይገባል። እኔ ራሴ ሆዴን በቆረጠኝ ቁጥር ከድሮ የተረፈ ክኒን እውጥ ነበር፣ ይሄን ካወቅኩ ወዲህ ግን ትቼዋለሁ፣ ብዙው ውሃ መሰል ተቅማጥ ፈሳሽና ኦአርኤስ እየተወሰደ በራሱ ያልፋል። ደም ካለው፣ ሃይለኛ ትኩሳት ካለ ወይ ህጻን ከሆነ ግን ቶሎ ሃኪም ጋ መሄድ ነው፣ አንቲባዮቲክ የግድ የሚሆንበት ጊዜም አለ።

እባካችሁ በሚቀጥለው የአንጀት ሃኪም አነጋግራችሁ ይሄን ጎን አውጡት፣ ፕሮባዮቲክ (ጥሩ ባክቴሪያ ያለበት) እየተባለ የሚሸጠው ሁሉ ደግሞ ይሄን ስራ ይሰራል ማለት ስላልሆነ እሱንም ለይታችሁ ጠይቁልን።

ከአንባቢያችሁ አንዱ