ጠዋት አልደውልልህም

አባቴ፣

በስልክ «እሺ እማዬ» ብለህ ስለምትዘጋብኝ ነው የምጽፈው። ረዘም ይላል፣ ቁጭ ብለህ አንብበው።

እህትህ ነገረችኝ። በዚህ ሳምንት ሁለት ቀን ሥራ አርፍደህ ገብተህ አለቃህ ፊቱን አጥቁሮብሃል፣ አንተም «የአእምሮ ሕመሙ ክኒን ጠዋት አላስነሳ አለኝ፣ ልተወው መሰለኝ» ብለሃል። ይቺን ስሰማ ቡናዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

አምና ፍራሽህን ላናፍስ ሳነሳ ካልሲ ውስጥ የተጠቀለሉ 9 ክኒኖች ማግኘቴን ነግሬህ አላውቅም። ዘጠኝ ሌሊት ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን አንተም እኔም እናውቀዋለን፣ አልደግመውም። ግን ቆይቼ ሳስበው ክኒኖቹን እዚያ ካልሲ ውስጥ ያስከተትኩህ እኔ ነኝ። በየጠዋቱ «ተነስ አንተ እንቅልፋም፣ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች» የምልህ ማን ነበር? አንድ ቀን ውሃም ረጭቼብሃለሁ። ጸበል ነው ብዬህ ነበር፤ የቧንቧ ነው።

ስንፍና አለመሆኑ የገባኝ ቀጠሮህ ላይ አብሬህ የገባሁ ቀን ነው። ሐኪሟ በስንት ሰዓት እንደምትውጠው ስትጠይቅህ «ልተኛ ስል፣ 6 ሰዓት ላይ» አልካት። ሳቅ አለች። ይሄ ክኒንህ፣ ኦላንዛፒን የሚሉት፣ ከተዋጠ ወደ 6 ሰዓት ቆይቶ ነው ደም ውስጥ የሚበረታው፣ ስለዚህ እኩለ ሌሊት ላይ የዋጥከው ልክ አላርሙ ሲጮህ፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ጉልበት አግኝቶ ይጠብቅሃል። ቶሎም አይለቅም፤ ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ ብቻ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጅበታል። ማታ 2 ሰዓት ላይ ውሰደው አለችህ፣ አደረግከው፣ እውነትም ቀለል አለህ። ሐዋሳ ከገባህ ወዲህ ግን ኳሱ እስኪያልቅ እያልክ ሰዓቱን እንደገና ገፋኸው አይደል?

ሌላም አለ። ሲጋራ ተውኩ ስትለኝ እልል ብያለሁ። ይህንን ግን ለሐኪሟ ነግረሃታል? ጭሱ ጉበትህ መድኃኒቱን ቶሎ ቶሎ እንዲፈጨው ያደርግ ነበር፤ ሲጋራውን ስትተው ያው ክኒን ደምህ ውስጥ ይበዛል። እንቅልፉ የባሰብህ በዚህ ሊሆን ይችላል። መጠኑ ይቀነስ ከተባለ የምትቀንሰው እሷ ናት፣ አንተ በቢላ ከፍለህ አይደለም። ደውልላት፣ ቀጠሮው እስኪደርስ አትጠብቅ። (ወደ ሲጋራው ተመለስ ማለቴ እንዳይመስልህ!)

«ጫት ያነቃሃል» የሚሉህን ልጆች ተዋቸው። ሌሊቱን እንቅልፍ ነስቶህ ያድራል፣ ሕመሙንም ይቀሰቅሰዋል።

ጠዋት ዘለህ አትነሳ፣ ያዞርሃል። አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ተቀመጥና ውሃ ጠጥተህ ቀጥ ብለህ ወደ ውጭ ውጣ። ሐይቁ ቅርብህ ነው፣ ፀሐይ ፊትህን ትምታው፤ ቤት ውስጥ ስልክ እየነካካህ ከሆነ ግን ተመልሰህ መተኛትህ ነው፣ አውቅሃለሁ። ስልኩንም ማታ ከትራስህ ሥር አታድርገው፣ አላርሙን ለማጥፋት መቆም ይኑርብህ። ራስህ ከብዶህ ደግሞ የጓደኛህን ባጃጅ እንዳትነካ።

አለቃህን «የምወስደው መድኃኒት ጠዋት ጠዋት ያስተኛኛል፣ ግማሽ ሰዓት ዘግይቼ ልግባና ማታ ላካክስ» ብትለው ምን ይልሃል? የምን መድኃኒት እንደሆነ መንገር ግዴታህ አይደለም። ሰው ስኳር አለብኝ ሲል ማንም አያፍርበትም፣ አንተም አንገትህን አትድፋ።

እኔም ጠዋት 12 ሰዓት እየደወልኩ «ተነሳህ?» ማለቴን ትቻለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ማታ 2 ሰዓት ላይ ሚስኮል አደርጋለሁ። እንዳታነሳው፣ ሂሳቤን ትበላብኛለህ። ውሃህን ብቻ ቅዳ።

እናትህ