በደረሰኙ ላይ ስለተጨመረችው አንድ ዶላር

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ሳምንት በሲያትል ሰሜን፣ ኦሮራ መስመርና ሾርላይን ያላችሁ ቤተሰቦች በእንጀራው ደረሰኝ ላይ አንድ ዶላር ተጨምሮ አግኝታችሁ ተቆጥታችኋል። አስቀድመን አለመንገራችን ጥፋት ነው፤ ይቅርታ። ስለ ዶላሯ ግን ላስረዳ፤ የመጣችው ከከተማው ደቡብ፣ ከታክዊላ፣ እንጀራውን ወደ እናንተ ስናመጣ ከምናልፍበት፣ ክፍያ ካለው የመኪና ዋሻ ነው።

«የዋሻው ክፍያ ለአንድ መኪና ጥቂት ዶላር ነው፤ መኪናው የስንት ቤት እንጀራ ይጭናል፤ የቀረው የት ይገባል?» ያለችኝ እህት አለች። ሒሳቧ ልክ ነው። የጎደለው መንገዱ ነው። ይህ ዋሻ ስታዲየሞቹ ጋ ገብቶ፣ መሃል ሲያትልን ሁለት ማይል ያህል ከሥር አቋርጦ፣ ስፔስ ኒድል ማማ አጠገብ ይወጣል። መሃል ላይ መውጫ የለውም። ድሮ በዋሻው ፋንታ ድልድይ ሳለ፣ አንድ መኪና ሴኔካ በሚባለው መውጫ ወርዶ የመሃል ከተማውን አድርሶ ወደ እናንተ ይቀጥል ነበር፤ ዛሬ ሁለት መኪና፣ ሁለት ሾፌር ነው። ክፍያውም በሰዓት ይለያያል፤ ሌሊት ይረክሳል፣ ሰው ከሥራ ሲወጣ ይወደዳል። እናንተ እንጀራ የምትፈልጉት ደግሞ ልክ ያን ሰዓት፣ ለራት ነው። በአይ ፋይቭ አውራ ጎዳና እንሂድ ብንል ሾፌሩ ቆሞ ያመሻል፤ የቆመበትንም እንከፍላለን። የጤፉን ዋጋ አላነሳም፤ ገበያ ትወጣላችሁ።

ስጀምር ታክዊላ፣ አፓርታማ ውስጥ፣ በሁለት ምጣድ ነበር። የጋገርኩትን በአሮጌ ኮሮላ ጭኜ በድሮው ድልድይ፣ በቪያዳክቱ፣ በነጻ አልፍ ነበር። ወደ ሰሜን የሚሄደው በላይኛው ፎቅ ስለነበር ባሕሩ ከነመርከቡ በግራ ይታያል። የ2001ዱ የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶታል ስለሚባል ሰው ይፈራው ነበር። እኔማ የሚንቀጠቀጠው ድልድዩ ይሁን ኮሮላዬ ለይቼ አላውቅም። አሁን ወደ ሰሜን የምንሄደው በዋሻው የታችኛው ፎቅ ነው፤ የሚታይ ግድግዳ ብቻ።

ጃንዋሪ 2019 ድልድዩ ተዘግቶ ዋሻው ፌብሯሪ 4 እስኪከፈት፣ ሦስት ሳምንት ከተማው ሲጨነቅ፣ እንጀራ አንድ ቀን አላስቀረሁባችሁም። ኖቬምበር 9 ክፍያው ሲጀመርም ዝም ብዬ ከኪሴ ከፈልኩ፤ እስካለፈው ወር ድረስ። ይህን ማውራቴ ራሱ አያስደስተኝም፤ ግን «ስግብግብ» የሚል መልእክት ሲደርሰኝ፣ ያውም ልጆቻቸው በእኔ እንጀራ ካደጉ ቤቶች፣ አልቻልኩም።

ታክዊላ መጥታችሁ ለምትወስዱ ጭማሪ የለም። ጎረቤታሞች ተሰባስባችሁ አንድ ቤት ካስራገፋችሁን ለሁላችሁም አንድ ዶላር ብቻ ነው። ያዘዛችሁትን የሰረዛችሁ ሰባት ቤቶች፣ ስማችሁን ከዝርዝሩ አላወጣሁትም። የዓርቡ መኪና እንደወትሮው አሥር ሰዓት ላይ ይነሳል፤ እስከ ሐሙስ ማታ ብትደውሉልኝ የእናንተንም አብሬ አቦካለሁ።

የእንጀራ ቤቱ ባለቤት