ዛፍ ከመከርከማችሁ በፊት ቀና ብላችሁ እዩልን፦ ለድሬዳዋ አስተዳደር ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለድሬዳዋ አስተዳደር፣ በተለይ የከተማ ውበትና የአረንጓዴ ልማት ሥራ ለምትመሩ ኃላፊዎች፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ ልግባበት። የመንገድ ዳር ዛፎች የሚከረከሙበት ወቅት ይወሰንልን። በዝናቡ ወራት፣ ወፎች ጎጆ በሚሠሩበትና በሚፈለፍሉበት ጊዜ፣ መጋዝ ይዞ ዛፍ ላይ የሚወጣ አይኑር። ዋናው ጥያቄዬ ይኼ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ነው።

ለምን መሰላችሁ? ባለፈው ክረምት ከዚራ ሰፈር ውስጥ አንድ ትልቅ ዛፍ ሲከረከም ቆሜ አየሁ። ማን እንዳስቆረጠው አላነሳም፣ ጉዳዬ ከእሱ ጋር አይደለም። ቅርንጫፎቹ አስፋልቱ ላይ ሲወድቁ ጫፋቸው ላይ የተንጠለጠሉት ጎጆዎች አብረው ወረዱ። እነዚያ ቢጫ ወፎች ከሣር ጠልፈው የሚሠሯቸው፣ አፋቸው ወደ ታች የሆነ ጎጆዎች። አንዱን አነሳሁት። ውስጡ ላባ ያላበቀሉ ሁለት ጫጩቶች አሉ። ዓይናቸው ገና አልተከፈተም፣ አፋቸውን ግን ከፍተው ምግብ ይጠብቃሉ። ወላጆቻቸው ቅርንጫፉ የነበረበት ባዶ ቦታ ላይ እየተንጫጩ ይዞራሉ። ሠራተኞቹ እኮ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ አንደኛው ጎጆውን ከእጄ ተቀብሎ በቀረው ቅርንጫፍ ላይ በገመድ ሊያስረው ሞክሯል። ቁረጡ ተብለው ነው የመጡት። መጀመሪያ ወፍ መኖሩን እዩ ያላቸው ሰው የለም።

እነዚህ ወፎች ጎጆአቸውን ቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ የሚሰቅሉት እባብና ድመት እንዳይደርስባቸው ነው። ሥራው የወንዱ ነው። ሣሩን በምንቃሩ ሰንጥቆ፣ ቋጥሮና ጠልፎ ይጨርስና ሴቷን ይጠራል፤ መጥታ አይታ ካልወደደችው አፍርሶ ሌላ ይጀምራል። ታዲያ ክርከማም የሚጀምረው ከጫፍ ነው። ስለዚህ ዛፉ ባይገነደስም፣ "ትንሽ ነው የነካነው" ቢባልም፣ የሚሄደው ጎጆ ያለበት ክፍል ነው።

የድሬ ዝናብ ሁለት ጊዜ ነው፤ መጋቢትና ሚያዝያ አካባቢ፣ ከዚያ ደግሞ ከሐምሌ እስከ መስከረም። ሣሩም፣ ፍሬውም፣ ትሉም የሚበዛው ያን ጊዜ ስለሆነ ብዙዎቹ ትንንሽ ወፎች የሚፈለፍሉትም ያኔ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ጊዜ ለክርከማ ይሻላል። የኤሌክትሪክ ሽቦ የነካ ወይም ሰው ላይ ሊወድቅ የደረሰ ቅርንጫፍ ካለ በማንኛውም ወር ይቆረጥ፣ በዚህ ማንም አይከራከርም። ደግሞ ሁሉም ወፍ በአንድ ወር አይፈለፍልም። ጥንብ አንሳ ለምሳሌ በበጋም ይፈለፍላል። ስለዚህ ከወር ገደቡ በተጨማሪ ከመቆረጡ በፊት አንድ ሰው ቀና ብሎ እንዲያይ ይታዘዝ። ጎጆ ካለ ጫጩቶቹ እስኪወጡ ያ ቅርንጫፍ ይቆይ። ወጪ የለውም፣ ትዕዛዝ ብቻ ነው የሚፈልገው።

የችግኝ ተከላውን አውቃለሁ፣ አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ እኔም ከሰፈር ልጆች ጋር ተክያለሁ። ደግ ሥራ ነው። ግን አሮጌ ዛፍ ቆርጦ በምትኩ አሥር ችግኝ መትከል ሒሳቡ አይገጥምም። ችግኝ ጎጆ አይሸከምም። የሌሊት ወፍና ጉጉት የሚያድሩበት ቀዳዳ ግንዱ ላይ የሚወጣው ከስንት ዘመን በኋላ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ደርሶ ድሬ ከተቆረቆረች ወዲህ ይቺን ከተማ በዚያ ሙቀት መኖሪያ ያደረጋት ጥላ ነው። ኒሙም፣ ቁርቁራውም፣ የድሬዳዋ ዛፉም። እኛ ከሥሩ ቁጭ ብለን እናወራለን፣ እነሱ ከላይ ይኖራሉ።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስና ሲያልፍ ወፍ እንደኛ አያልባትም፤ አፏን ከፍታ እያለከለከች ነው የምትበርደው፣ በዚያውም የሰውነቷን ውሃ ትጨርሳለች። የደቻቱ ወንዝ ደግሞ ጎርፍ ካልመጣ አሸዋ ነው። ውሃ እንደ ልብ በማይገኝበት ከተማ ለወፍ ውሃ የሚል ሰው ሊያስቃችሁ ይችላል፣ ግን የምለው በየመናፈሻው አንድ ጠፍጣፋ የሸክላ ዕቃ ነው፤ ሁለት ሦስት ጣሳ ውሃ ይበቃዋል። ጥልቀቱ ከጣት ርዝመት አይብለጥ፣ መሃሉ ላይ ድንጋይ ይቀመጥ፣ ያለበለዚያ ትንንሾቹ ይሰምጡበታል።

ከጤና ቢሮ በኩል የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ፣ ትክክልም ነው። በ2006 ዓ.ም. ደንጊ ትኩሳት ድሬን እንዴት እንዳመሳት የረሳ የለም። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ከእስያ የመጣችውና በከተማ የውሃ ማጠራቀሚያ የምትራባው የወባ ትንኝ ጉድ ሠርታናለች። ስለዚህ ውሃ አስቀምጦ መርሳት የሚባል ነገር የለም። ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ ክንፍ እስክታወጣ ሳምንት ገደማ ይፈጅባታል። ዕቃው በየቀኑ ጠዋት ከተደፋና ጠርዙ በብሩሽ ከታሸ (የደንጊዋ ትንኝ እንቁላሏን የምትለጥፈው ጠርዙ ላይ ነው) ምንም አይፈለፈልበትም። የመናፈሻ ጥበቃዎች ሊሠሩት የሚችሉት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ያልተመደበበት ቦታ ደግሞ ጭራሽ አይቀመጥ።

እግረ መንገዴን፣ በየግቢው በርሜልና ሮቶ ይከደን እያላችሁ የምታስተምሩትን ትምህርት በርቱበት። ክዳን የሌለው በርሜል ትንኝ ከማርባቱም ሌላ ጠጥታ ልትመለስ የመጣች ድንቢጥ፣ እንሽላሊትና እስስት የሚሞቱበት ነው። ግድግዳው ያንሸራትታል፣ አንዴ ከገቡ መውጫ የላቸውም። መክደን ያልቻለ ሰው ቢያንስ አንድ ረጅም እንጨት አጋድሞ ይተውበት፤ ይዘው ይወጣሉ። የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን ቤት ለቤት ሲዞሩ ይቺንም ጣል ቢያደርጓት ብዙ ነፍስ ይተርፋል።

መርዙ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ይኼ እንቅልፍ ይነሳኛል። በብዙ ከተሞች ባለቤት የሌላቸው ውሾች ሲበዙ መርዝ በሥጋ አድርጎ መበተን የተለመደ ነው። የሞተውን ውሻ ጥንብ አንሳ ይበላዋል፣ ከዚያ እሱም ይሞታል። ቄራ አካባቢ የምናየው ትንሹ ጥንብ አንሳ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ደረጃ ከመጥፋት ጫፍ የደረሰ ተብሎ የተመዘገበ ነው። በአንድ ወቅት የምትጥለው አንድ እንቁላል ብቻ ነው። አንድ የተመረዘ ውሻ ላይ አሥር ቢሰበሰቡ፣ እነሱን መተካት የስንት ዓመት ሥራ እንደሆነ አስቡት። ውሾቹን የእብድ ውሻ ክትባት መከተብና እንዳይዋለዱ ማምከን ይቻላል። ድሬ ውስጥ የውሻ መርዝ በጭራሽ አይበተንም የሚል ግልጽ መመሪያ አውጡልን።

የአይጥ መርዝም እንደዚሁ ነው። የተመረዘ አይጥ ሮጦ ማምለጥ ስለማይችል ጉጉት በቀላሉ ትይዘዋለች፣ መርዙም ወደ እሷ ይሻገራል። ጉጉት ስትጮህ ሟርት ነው ብሎ ድንጋይ የሚወረውር ሰው ዛሬም አለ፣ አቦ ተዉ እንጂ! ሰፈሩን ከአይጥ የምትጠብቅላችሁ እኮ እሷ ናት። ትምህርት ቤቶች ውስጥ ቢነገር ልጆች ቶሎ ይገባቸዋል።

ለማስዋብ ተብሎ ዛፍ ግንድና ቅርንጫፍ ላይ መብራት ስለመጠምጠም አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ቢያንስ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይጥፋ፣ እዚያ የሚያድር አለ።

ክረምቱ ሲያልፍ የክርከማው ሥራ ይጀመራል። ስለዚህ ኅዳር ከመግባቱ በፊት የክርከማውን ወራት ወስናችሁ በየቀበሌው ሰሌዳ ላይ ለጥፉልን። ሥራውን ጨረታ ወስዶ የሚሠራ ድርጅት ካለም ውሉ ውስጥ ይግባ፤ ጎጆ እያየ የቆረጠ ይጠየቅ። ከመቆረጡ በፊት ዛፎቹን ዞሮ የሚያይ ሰው ካጠራችሁ እኔና የሰፈሬ ልጆች በነፃ እንዞራለን፣ የዛፎቹን ዝርዝርና የሚቆረጡበትን ቀን ስጡን።

ከአክብሮት ጋር፣
የከዚራ ነዋሪ