ከእሳት የተረፈ ወረቀት

ውድ ወዳጄ፣

ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን ማጥፋቴ ያሳፍረኛል። ሰሞኑን ያየሁትን ሳልጽፍልህ ብቀር ግን ጥፋቴ ይብሳል፤ ዕድሜህን በመዝገብ ቤት የጨረስክ ሰው ነህና ነገሩ ከማንም ይልቅ ይገባሃል።

ጎረቤቴ የሆኑ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት፣ አባታቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኢጣልያ ውስጥ በ92ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ተዋግተው ሜዳይ እንደተሸለሙ ሲሰሙ ነው ያደጉት፤ ሜዳዩ ግን ቤት ውስጥ የለም። በዚያው ክፍለ ጦር እ.ኤ.አ. በ1945 ጀብዱ የፈጸሙት ቨርነን ቤከር ከፍተኛውን የአሜሪካ ሜዳይ ያገኙት በ1997 መሆኑን ስለሚያውቁ፣ «ዘግይቶም ይገኛል» ብለው ወደ ሴንት ሉዊስ ከተማ ይዘውኝ ሄዱ።

የቀድሞ የአሜሪካ ወታደሮች የግል ማኅደር የሚቀመጠው እዚያ ባለው መዝገብ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 1973 ከእኩለ ሌሊት በኋላ በቀድሞው ሕንፃ 6ኛ ፎቅ ላይ የተነሣው እሳት ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ ማኅደሮችን በልቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ1912 እስከ 1959 መጨረሻ ከምድር ጦሩ ከተሰናበቱት ውስጥ የ80 በመቶው ማኅደር ጠፍቷል። ግልባጭ አልነበረም፤ በማይክሮፊልም አልተነሣም፤ ማውጫ እንኳ አልተዘጋጀለትም። ለእያንዳንዷ ደብዳቤ ሦስት ግልባጭ ካልወጣ ብለህ ስታስጨንቀን ትዝ አለኝ፤ ያኔ በማማረሬ ይቅርታ አድርግልኝ።

እሳቱን ለማጥፋት የተረጨው ውሃም በዚያ የበጋ ሙቀት ሻጋታ እንዳያስከትል ተሰግቶ፣ የራሰው ወረቀት አየር በተመጠጠበት ክፍል እንዲደርቅ ተደረገ፤ 6.5 ሚሊዮን ያህል ማኅደርም ተረፈ። የአባታቸው ከነዚህ አንዱ ነበር። በላስቲክ ተሸፍኖ የቀረበልን ወረቀት ጠርዙ ከስሎ፣ መሐሉ ሻይ የፈሰሰበት መስሎ ነበር፤ ስማቸውና የወታደርነት ቁጥራቸው ይነበባል፣ ሜዳይ የሚመዘገብበት ክፍል ግን አመድ ሆኗል።

አስተናጋጇ ባለሙያ የሽልማት ትእዛዝ በግለሰቡ ማኅደር ብቻ ሳይሆን በክፍለ ጦሩም መዝገብ እንደሚቀመጥ፣ ያም መዝገብ ሜሪላንድ ውስጥ ኮሌጅ ፓርክ በተባለ ከተማ እንደሚገኝ አስረዳችን። ከዚያ ከሌላ ክምችት የተገኘውን የመጨረሻ ደመወዝ መክፈያ ሰነድ አሳየችን። አዛውንቱ ከታች ያለውን ፊርማ ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ፤ በቤታቸው መጽሐፍ ቅዱስ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያለው የአባታቸው ፊርማ ራሱ ነበር።

ወደ ኮሌጅ ፓርክ በሚቀጥለው ወር እንሄዳለን። ያገኘነውን እጽፍልሃለሁ፤ አንተም ስለ ጤናህና ስለ ልጆቹ ላክልኝ።

ናፋቂ ወዳጅህ